ዋና፣ ደባል፣ ጥገኛ

ግድግዳ በጣት አንጓ ሲመታ ይናገራል። ብሎኬት ከሆነ ደረቅና አጭር ድምፅ ይሰጣል። ጭቃ ከሆነ ምቱን ውጦ ዝም ይላል። ጭቃው ከእንጨቱ ለቅቆ ከሆነ ደግሞ ዱብ ዱብ እያለ እርጅናውን ይናዘዛል። ይህንን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ወረዳው ቤት ምዝገባ ላይ ሲቀጥረኝ አብሮኝ የተመደበው ሜትር ያዥ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ በቀስታ ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ። "ብሎኬት ይመስላል እንጂ ጭቃ ነው" አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አስከሬን ገና ሳይወጣ።

የእሱ ሥራ መለካት፣ የእኔ መጻፍ ነው። የምንሞላው ቅጽ ፊትና ጀርባ ያለው አንድ ወረቀት ነበር። ፊቱ ስለ ቤቱ ይጠይቃል፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ወለሉ፣ ኮርኒሱ፣ ኩሽናው፣ ሽንት ቤቱ። ጀርባው ስለ ሰዎቹ ነው። ከሁሉ መጨረሻ "የመዝጋቢው ምልከታ" የምትል ጠባብ ሳጥን አለች። ያቺን ሳጥን ማንም አይሞላትም ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት መዝጋቢዎች በዓይናቸው ያዩትን እየጻፉ፣ ለእገሌ አዳላችሁ፣ እገሌን በደላችሁ እየተባሉ ሲከሰሱ ስለከረሙ አለቃችን አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ሰው በአፉ ያለውን ጻፉ፣ አስፈርሙ፣ ውጡ።

ለእኔ ተስማምቶኝ ነበር። ምን አገባኝ? የሰው ቤት ገብቶ ከመፍረድ የሰውን ቃል መጻፍ ይቀላል። ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር በየቦታው ሲቀመጥ ደስ ይለኛል፤ ማንኪያ ከማንኪያ ጋር፣ ቢላ ከቢላ ጋር። ቅጽ ሲሰጡኝ እንጀራዬን ያገኘሁ መሰለኝ።

ኮልፌ ግን ለሳጥን የሚመች ሰፈር አይደለም። ቅጹ ጭቃ፣ ብሎኬት፣ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ ብሎ ይደረድርና አንዱን ምረጪ ይላል። የምንገባበት ቤት ደግሞ ፊቱ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጎኑ ጭቃ፣ ጓሮው ቆርቆሮ ሆኖ፣ አራተኛው ግድግዳ የጎረቤት ነው። የጎረቤት ግድግዳ በማን ስም ይጻፋል? ጣሪያው እኩሌታው ዘንድሮ የተቀየረ ነው፤ እኩሌታው ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይደቀንለታል። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ተፈትቶ፣ ተሰፍቶና ተወጥሮ ኖራ የተቀባ ነው። ፊት ለፊቱ ሱቅ ሆኖ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ያለበትስ፣ መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ? ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር የተመደቡት ባልደረቦቻችን ዕድለኞች ነበሩ። ኮንዶሚኒየም አንዱን ያየ ሁሉንም አየ፣ ቪላም ቪላነቱን ከአጥሩ ይናገራል። እኛ ለአንዲት ክፍል ግማሽ ሰዓት እንከራከር ነበር።

ቀስ በቀስ ቅጹ ላይ የሌለ የራሴን ምደባ አወጣሁ። አንደኛው ወገን "ለጊዜው ነው" የሚባሉት ቤቶች ናቸው። ባለቤቱ ልጆቹን ድሮበት፣ የልጅ ልጆቹን አይቶበት፣ ገና ስንገባ "ለጊዜው ነው፣ ሌላ እስክንሠራ ነው" ይላል። ሁለተኛው "ገና አላለቀም" ነው። ጣሪያው ላይ ለሁለተኛ ፎቅ የቆመው ፌሮ ዝጎ ልብስ ማስጫ ሆኗል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ባለቤቱ በሩን በትከሻው ዘግቶ የሚያነጋግርህ ነው። ይህኛው የሚፈራው ለግድግዳው አይደለም፤ ውስጥ ለሚታየው ነገር ነው። ሜትር ያዡ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰምቶ ስቋል። ሦስተኛውን ስነግረው ግን አልሳቀም። እንዲህ ያለ ቤት ስትገቢ ዓይንሽን ቶሎ ሰብስቢ አለኝ።

የእናቴ ቤት ከሦስተኛው ወገን ነበር፤ እሷ ግን የምትፈራው ለግድግዳውም ነው። ለአንድ በዓል ብላ ፊት ለፊቱን ብቻ በሲሚንቶ አስለስናዋለች፤ ጎንና ጎኑ ጭቃ ነው። ፊቷን ተቀብታ አንገቷን የረሳች ሴት ይመስላል። ምዝገባው የእኛ መንደር ሲደርስ ሌላ ሰው እንዲሄድ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኩም። እናቴ ለመዝጋቢ ልጇ ብሎኬት ነው አለች፣ ሜትር ያዡ አንኳኳ፣ ሁለታችንም ድምፁን ሰማን። "እማዬ፣ ጭቃ ነው" ብዬ በጎረቤት ፊት ጭቃ ብዬ ጻፍኩ። ሰው በአፉ ያለውን ጻፉ የሚለው መመሪያ ያን ቀን ለምን እንዳልታወሰኝ አላውቅም። ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ምሳ እያቀረበች፣ አንቺ የተማርሽው የሰው ገመና ለመቁጠር ነው አለችኝ። ከዚያ በኋላ ደንብ ጥሼ አላውቅም። የሰው ቃል ማለት የሰው ቃል ነው ብዬ ወሰንኩ። የሚቀጥለው ስህተቴ ከዚህች ውሳኔ ነው የተወለደው።

መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ ያለው መንደር እንዲነሳ ተወሰነ። ሁሉም የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ያኔ የቅጹ ጀርባ ከፊቱ ይልቅ የሚያስፈራ ሆነ። እዚያ ሦስት ሳጥኖች አሉ፦ ዋና፣ ደባል፣ ጥገኛ። ዋና ማለት የቤቱ ውል በስሙ ያለ ነው። ደባል ማለት እዚያው ግቢ፣ በሌላ ሰው ውል ሥር ይኖራል፣ ግን በሩም ምድጃውም ለብቻው ነው። ጥገኛ ከዋናው ድስት የሚበላ ነው። ዋናውም ደባሉም ለየራሳቸው ምትክ ቤት ይሰጣቸዋል። ጥገኛ ከሚያስተዳድረው ሰው ጋር ይሄዳል፤ የሚያስተዳድረው ከወሰደው።

ይህ ወሬ ከመመሪያው በፊት መንደሩን አዳረሰው። ወይ ጉድ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እዚያ መንደር ያልተጣላ ቤተሰብ ጠፋ። እኅትማማቾች ምድጃ ለዩ። ትናንት ያልነበረ በር ዛሬ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ተከፍቶ ይጠብቀናል፤ ሜትር ያዡ በጣቱ ነክቶ ጣቱን ያሳየኛል። አንድ ባልና ሚስት ከአንድ ትሪ ምሳ እየበሉ ድስታችን ለየቅል ነው ብለውኛል። ጻፍኩ። ሰውየው ጉርሻውን ሳይውጥ ፈረመልኝ። ሁሉም ተለያየን እያለ በሚምልበት መንደር፣ አልተለያየንም የሚል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከቆሻሻ መጣያው፣ ከቆሼ በኩል ስለነበር ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቷል። የገባንበት ግቢ ዋናው ቤት ሁለት ክፍል ጭቃ ነው። ውሉ በስሟ ያለው በሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር አንዲት ሴት ነች፤ ከእናቷ ወርሳው ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖርበታለች። ከቤቱ ጀርባ ተለጥፋ የተሠራች፣ በሯ ወደ ጓሮ የሆነ አንዲት ክፍል አለች። እዚያ የሚኖሩት እቴቴ ነበሩ። ግቢው ሁሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነው። ከጎጃም በልጅነታቸው መጥተው እዚህ ቤት ተቀጥረው የገቡ፣ መምህሯን ከነወንድሞቿ አዝለው ያሳደጉ፣ ሳያገቡና ሳይወልዱ እዚያው ያረጁ ሴት ናቸው። የመምህሯ እናት ሳይሞቱ ጓሮ ያለችውን ክፍል ያንቺ ናት ብለዋቸዋል። ይህ ግን በቃል ነው፤ ውል ላይ የለም።

የዋናውን ቤት ቅጽ ከመምህሯ ጋር ሞልተን ወደ ጓሮ ዞርን። ደንቡ ሁለት የሰፈር ታዛቢ ይፈልግ ስለነበር ሁለት ጎረቤቶች ተከትለውን መጡ። መምህሯም መጣች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሁላችንም በሩ ላይ ቆምን፣ እኔ ብቻ ገባ አልኩ። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን። በሩ ጥግ የሸክላ ከሰል ምድጃ፣ ክዳኗ የጎደለ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን። ከምድጃው በላይ ግድግዳው እስከ ደረቴ ድረስ በጥላሸት ጠቁሯል። በጥላሸቱ ላይ ቀይ የወጥ ፍንጣሪ ተረጭቷል። አንዳንዱ የቆየ ነው፣ አንዳንዱ የትናንት። ሜትር ያዡ ከኋላዬ አየውና አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይንሽን ሰብስቢ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

እኔ ግን እስክሪብቶዬን አውጥቼ ጠየቅኩ። "እማማ፣ የሚያበስሉት ለብቻዎ ነው ወይስ ከዋናው ቤት ጋር?"

እቴቴ መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ መምህሯን፣ ከዚያ ሁለቱን ጎረቤቶች አዩ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈገግ አሉ።

"ምን ማለትሽ ነው የኔ ልጅ? እኛ ድስት አንለይም።"

ምድጃውስ አልኳቸው። እሱ ውሃ ማሞቂያ ነው አሉኝ። መምህሯ ጫማዋን ታይ ነበር። ሁለቱ ታዛቢዎች ስለ ነፋሱ ማውራት ጀመሩ። እኔ ጥገኛ የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። እቴቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ፣ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉ፣ መርቀውም ሸኙን። "የመዝጋቢው ምልከታ" የምትለዋን ሳጥን እንደወትሮዬ ባዶ ተውኳት።

መንገድ ላይ ሜትር ያዡ ሜትሩን ጠቀለለ። በኋላ ውሃ ቀይ ሆኖ ሲፈናጠር አይቼ አላውቅም አለ። እኔ ያሉትን ነው የጻፍኩት ብዬ መለስኩለት። አዎ፣ ያሉትን ነው የጻፍሽው አለኝ። ተናደድኩበት። ሰውየው ክፉ ነገር አልተናገረም፤ የተናደድኩት ልክ ስለነበረ ነው።

እቴቴ ለምን እንደዚያ እንዳሉ የሚገባው ያገር ልጅ ብቻ ነው። ለብቻዬ ነው የማበስለው ቢሉ፣ በሁለት ጎረቤት ፊት "ያሳደግኳት ልጅ ከድስቷ ለየችኝ" ማለታቸው ነው። ያ ደግሞ ስለ ራሳቸው የተነገረ አይሆንም፤ የቤቱን ስም ማጥፋት ይሆናል። ሌላው ቤት ለማግኘት ሲል ተጣላን ይላል፤ እሳቸው ቤት ቢያጡም ልጃቸውን አያሳጡም። ይሉኝታ የሚባለው ይኸው ነው። እኔም እዚህ ያደግኩ ነኝና ይህንን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገኝም ነበር።

ዝርዝሩ ተለጠፈ። በነጋታው ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ እቴቴን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት አገኘኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉ የሚያልፈውን ሰው ስሜን ፈልግልኝ እያሉ ይለምኑ ነበር። ሲያዩኝ ደስ አላቸው። ስማቸው ለብቻው የለም፤ በመምህሯ ቤተሰብ መስመር ሥር መጨረሻ ላይ ነው። አነበብኩላቸው።

"ጥገኛ ማለት እኔ ነኝ?" አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ለመምህሯ ባለ አንድ መኝታ ቤት እንደደረሳትም ነገርኳቸው። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ልጅየዋ፣ ባሏ፣ ሁለቱ ልጆች። አራተኛው ጣት ላይ ቆሙ። አምስተኛዋን ጣት አጥፈው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። ባልየው አንዲት መኝታ ቤት ውስጥ አሮጊት የት እናስተኛለን ማለቱን፣ አገራቸው ይሂዱ መባሉን በኋላ ነው የሰማሁት። አገራቸው ማን አላቸው? ከዚያ የወጡት በልጅነታቸው ነው፣ የሚያውቃቸው ሁሉ አፈር ሆኗል።

ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ ሦስት ቀን ነበር። ያስገቡ አልኳቸው። ምን ብዬ አሉኝ። ለብቻዬ ነው የማበስለው፣ ደባል ነኝ ይበሉ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በእነሱ ፊት ይህንን ከአፌ አላወጣም፣ እግዜር ያውቅልኛል አሉና ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አፈርኩ። ቃላቸውን እንደ ቃላቸው ጽፌ፣ ለውሸታሙ ሁሉ ቤት ሰጥቼ፣ ለእሳቸው ብቻ ነው የነፈግኩት።

አለቃዬ ጋ ገብቼ ላስተካክል አልኩ። የፈረሙበትን ቃል አንቺ መለወጥ አትችዪም፣ ምልከታሽም ባዶ ነው አሉኝ። ትክክል ናቸው። ቀሪው መንገድ የቤቱ ባለ ውል ቀርባ መመስከር ነበር። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድኩ። መምህሯ ልጆቹን አስተኝታ ወጣችና አጥሩ ሥር አነጋገረችኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ለምን እንደመጣሁ አውቃለች።

እኛ አላባረርናትም አለችኝ። በጾም ነው የተጀመረው። እናቷ ከሞቱ በኋላ እሷና ባሏ ጴንጤ ሆነዋል፤ ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም፣ ሁዳዴም የለባቸውም። እቴቴ ግን ያጠብቃሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሁዳዴ ሥጋ የነካው ድስት እንዳይነካባቸው ብለው እቴቴ ጓሮ ምድጃ አወጡ። ለሃምሳ አምስት ቀን ነበር። ጾሙ ሲፈታ መምህሯ ነገ እጠራታለሁ አለች፤ እቴቴም እስክትጠራኝ አሉ። ከዚያ ሌላ ጾም መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ድስቱ ሳይገናኝ ቀረ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም አለችኝና ዓይኗን በጋወኗ ጠርዝ ጠረገች።

መጥተሽ ይህንኑ ተናገሪ አልኳት። ለእሷ ስል እናገራለሁ አለች። ለእሷ ብላ ነው ወይስ ለአንዲቷ መኝታ ቤት? አላውቅም። ሁለቱም ይመስለኛል፣ ሁለቱን ደግሞ ራሷም የምትለያቸው አይመስለኝም።

የቅሬታ ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በወረዳው አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ይቀመጣሉ። ሌላ ቅሬታ አቅራቢም ብዙ ስለነበር አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተዋል። እቴቴን ይዣቸው የመጣሁት እኔ ነኝ። የምታወራው ልጅየዋ ናት፣ እርስዎ መቀመጥ ብቻ ነው ብዬ። መምህሯ ተነስታ ፊት ለፊት ቆመች። ሰብሳቢው እኚህ ሴት የሚያበስሉት ከእናንተ ጋር ነው ወይስ ለብቻቸው ብሎ ጠየቃት። ቤት ውስጥ አንቺ እያለች፣ ስታኮርፍም ስትስቅም እቴቴ እያለች ያደገች ሴት፣ ያን ቀን እንደ ባዕድ በአንቱታ ነበር የተናገረችው።

"እናቴ ካረፈች ጀምሮ ለብቻቸው ነው የሚያበስሉት። ከእኛ ጋር አይበሉም። ዘመዳችን አይደሉም።"

የመጨረሻዋን ማንም አልጠየቃትም። ያስፈልጋል ብላ የጨመረቻት ይመስለኛል፤ ፈተና ላይ ተማሪ ከተጠየቀው በላይ እንደሚጽፈው። እቴቴ ከጎኔ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ነጠላ ደጋግመው ያስተካክሉ ነበር። ሰብሳቢው ወደ እሳቸው ዞረ።

"እማማ፣ እውነት ነው?"

እቴቴ ለመነሳት ሞከሩ፤ ይቀመጡ አላቸው። ተቀመጡ።

"ልጄ ካለች እውነት ነው" አሉ።

ጸሐፊው አረጋግጠዋል ብሎ ጻፈ፣ ጥገኛ የሚለው ተሰርዞ ደባል ተባለ፣ ማኅተም ተመታ። መምህሯ ስታልፍ ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ወጣች። ልጆች ትምህርት ቤት ትታ ስለመጣች መቸኮሏ ነው። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ይህንን መደበቅ አልችልም። ስህተቴ የታረመ መስሎኝ ነበር። ሜትር ያዡንም ያን ቀን አግኝቼ ነገርኩት። "ጎሽ" አለ፣ ከዚያ ማን ተናገረ ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። ሜትሩን ኪሱ ከትቶ መንገዱን ቀጠለ።

መንደሩ ፈረሰ። መምህሯና ቤተሰቧ ሌላ ሳይት ደረሳቸው፣ ከዓለም ባንክ በሁለት ታክሲ የሚኬድ። ለእቴቴ ዓለም ባንክ አካባቢ፣ በዕድሜያቸው ምክንያት ከምድር ቤት፣ አንድ ስቱዲዮ ሰጧቸው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ፣ ኩሽናው ለብቻ። በቅጽ ዓይን ከታየ ከጓሮዋ ክፍል በአራት ደረጃ ይበልጣል።

ዓመት ሳይሞላ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ምዝገባ መጣና እኔ እዚያ ብሎክ ተመደብኩ። ግድግዳ ማንኳኳት ስለማያስፈልግ ሜትር ያዥ አልተሰጠኝም። በሩን ሲከፍቱልኝ እቴቴ ወዲያው አወቁኝ። አንቺ ነሽ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ፣ ካለችው አንድ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ ራሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ያቺው ሳጥን አለች፣ ያቺው ድስትም አለች፤ አሁን ክዳን ተገዝቶላታል። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ነጭ ነው። አንድም ፍንጣሪ የለበትም። በጣም ያጸዳሉ ማለት ነው ወይስ ወጥ አይሠሩም ብዬ አሰብኩ፤ አልጠየቅኩም።

መምህሯ ትመጣለች ወይ አልኳቸው። ለበዓል መጥታ ነበር አሉ፤ በሩን እንደ እንግዳ አንኳኩታ፣ ግቢ እስክላት ውጪ ቆማ ጠበቀችኝ። ይህንን ሲናገሩ አላለቀሱም። ቅጼን አውጥቼ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ወለል እያልኩ ለራሴ ሞላሁ። እሳቸው እጄን ያያሉ።

"ያን ጊዜ ጓሮ ስትመጪ የወጡን ፍንጣሪ አይተሽው ነበር፣ አይደል?" አሉኝ።

አይቼዋለሁ አልኩ።

"ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?"

ቅጹ ስለሚጠይቅ ልል ነበር። አለቃዬ ልል ነበር። ሁለቱም አፌ ላይ ደርሰው ተመለሱ። እቴቴ ቁጣ አልነበራቸውም፤ እውነት ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ራሳቸው ቀጠሉ።

"ያየሽውን ጽፈሽ ዝም ብለሽ ብትሄጂ ኖሮ፣ እሷም ያንን አትልም ነበር።"

ወረቀቱን ገለበጥኩ። ጀርባው ላይ የመጀመሪያው መስመር የቤተሰብ ብዛት ይላል። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ይህንን አልጠየቅኳቸውም።